«ሴታሴት» የሚለው ቀልድ፦ ከኩሌ የውኃ ወረፋ እስከ እኛ ቤት

ከሁሉ አስቀድማችሁ አንዲት ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱልን። በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ አንድ ወንድ ልጅ ሽሮ ሲያማስል፣ ወይም የታናሽ እኅቱን ጠጉር ሲጎነጉን ብታገኙት ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው ቃል የትኛው ነው? «ጎበዝ» ነው ወይስ «ሴታሴት»? ብዙዎቻችን ሁለተኛውን በፈገግታ ጣል እናደርገዋለን። ክፋት አስበን አይደለም። ልጁም አብሮን ይስቃል። በማግሥቱ ግን ማማሰያውን አያነሣም፤ እኅቱም ጠጉሯን የሚጎነጉንላት ታጣለች። እኛም ነገሩን ከዚያው ረስተነዋል።

ይህን ጥያቄ ለማንሣት የመረጥነው ቦታ ሩቅ ነው፤ ስሙ ኩሌ ይባላል። ቀልዱ በዚያ ከሠፈራችን ይልቅ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል ስለ ሆነ ነው የመረጥነው።

ኩሌ በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ አካባቢ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ገባ፤ አስቀድመው የተከፈቱት መጠለያዎች ሲሞሉ በግንቦት ወር 2006 ዓ.ም. ኩሌ ተከፈተ። ለኢታንግ ምድር ስደተኛ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹም በዚያው አካባቢ ከደቡብ ሱዳን የመጣ ብዙ ሕዝብ ተጠልሎ ኖሯል፤ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ያ ሠፈር ተበተነ። አሁን በክልሉ የተጠለሉት ደቡብ ሱዳናውያን ቁጥር ከ300 ሺህ ይበልጣል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ በጠቅላላው 307 ሺህ ያህል እንደ ነበረ ብናስታውስ የሸክሙን ልክ እንረዳለን።

የኩሌ ነዋሪ በአብዛኛው የኑዌር ተወላጅ ነው፤ ከነዋሪዎቹም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። አባወራው ወይ ሞቷል፣ ወይ በጦር ሜዳ ነው፣ ወይ ከብቱን ይዞ ከድንበሩ ማዶ ቀርቷል። ስለዚህ ውኃ የሚቀዳው፣ ማገዶ የሚለቀመው፣ እህል ተፈጭቶ የሚበስለው፣ የዕርዳታ ራሽን ተሸክሞ የሚመጣው ባብዛኛው በሴት ጉልበት ነው። ማገዶ ለቀማ ርቃ የምትሄድ ሴት በመንገድ ላይ ለጥቃት እንደምትጋለጥ በዚያ አካባቢ የማያውቅ የለም።

እንግዲህ በዚህ ሠፈር አንዲት እናት አለች እንበል። ትልቁ ልጇ 16 ዓመቱ ነው፤ ከእሱ በታች 2 ሴቶች ልጆች አሏት። እናቲቱ በወባ ተይዛ ተኛች። ውኃ መቀዳት አለበት። ልጁ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ቧንቧው ወጣ፤ ወረፋው ላይ የቆሙት በሙሉ ማለት ይቻላል ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። እኩዮቹ ከወዲያ በኩል ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አዩት፤ አንዱ ምን እንዳለ አንነግራችሁም፤ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ዓይነት ነገር ነውና ትገምቱታላችሁ። ሣቁ ተነሣ። ወረፋ ላይ ካሉት ልጃገረዶችም የሳቁ ነበሩ። ልጁ በማግሥቱ አልወጣም። የ11 ዓመቷ እኅቱ ወጣች፤ ወረፋው እስኪደርሳት የትምህርት ሰዓቷ አለፈ። እናቲቱ እስክትድን 2 ሳምንት ቢፈጅ ልጅቱ 2 ሳምንት ከትምህርት ገበታ ቀረች ማለት ነው። «ቀልድ ነው» የተባለውን ቃል ዋጋ የከፈለው የተቀለደበት ልጅ ብቻ አይደለም።

አንባቢያን እዚህ ላይ «እንግዲህ ኋላ ቀር ባህል ስላላቸው ነው» ብላችሁ እንዳትፈርዱ። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም፤ የኑዌርን ባህል ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ትምህርት ይሰጠዋል።

በኑዌር ሥርዓት ወንድ ልጅ ለዐቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርሱ 6 መሥመሮች ይበጣሉ፤ ሥርዓቱ «ጋር» ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣቱ ላም አያልብም። ላም የሚያልቡት ሴቶችና ገና ያልተበጡ ልጆች ናቸው። ዝምድና በሌላት ለጋብቻ በምትሆን ሴት ፊትም ምግብ አይበላም። ላይ ላዩን ሲያዩት ወንዱን የሚያኮራ ክልከላ ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ 100 ከብት ያለው ጎረምሳ የሚያልብለት ሴት ወይም ልጅ ከሌለ ወተት አይጠጣም። ከብቱ የእሱ ነው፣ ወተቱ ግን ከእናቱ፣ ከእኅቱ ወይም ከሚስቱ እጅ ነው። ክልከላው ወንድና ሴትን የሚያስተሳስር ገመድ ነበረ ማለት ይቻላል። ታዲያ ወደ ኩሌ የመጣው አብዛኛው ቤተሰብ ከብቱን ይዞ አልመጣም። ገመዱ የታሰረበት ላም ሲጠፋ የቀረው «ይህ የሴት ሥራ ነው» የሚለው ቃል ብቻ ሆነ። ምክንያቱ ሄዶ ነውሩ ቀረ።

ከዚህም የሚያስገርም አለ። እንግሊዛዊው የሕዝቦች ባህል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ በኑዌር ምድር እየተመላለሰ ያጠናውን በ3 መጻሕፍት አውጥቷል። (ይህ ሰው ኋላ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአኝዋክ ተወላጆችን አሰልፎ በዚሁ በእኛ ድንበር ከኢጣልያ ጦር ጋር መዋጋቱን በመንገዳችን እናንሣው።) በ1951 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስለ ዝምድናና ጋብቻ የሚናገረው መጽሐፉ አንድ ልማድ መዝግቧል። አንዲት ሴት መካን ሆና ስትቀር ኑዌሮች በአንዳንድ ነገር እንደ ወንድ ይቈጥሯታል። የወንድሟ ሴት ልጅ ስትዳር ከሚመጣው የጥሎሽ ከብት እንደ አጎት ድርሻዋን ትቀበላለች። ከእነዚህም ሴቶች ብዙዎቹ በመድኃኒትና በጥንቆላ ሥራ ተጨማሪ ሀብት ያፈራሉ። ከብቷ ሲበረክትላት ጥሎሽ ሰጥታ፣ ሥርዓቱ ሁሉ እንደማንኛውም ጋብቻ ተፈጽሞ፣ ሚስት ታገባለች። ልጅ የሚወልድላት አንድ ወንድ ይፈለጋል፤ የሚወለዱት ልጆች ግን የእሱ አይደሉም። በእሷ ስም ይጠራሉ፣ «አባት» ብለው የሚጠሯትም እሷን ነው። ሚስቶቿ ለባል የሚሰጠውን ክብር ይሰጧታል፤ ቤቷንና ከብቷን እንደ አባወራ ታስተዳድራለች። ልጅ ያስወለደው ሰውዬ ኋላ ልጅቱ ስትዳር አንዲት ላም ይሰጠዋል፤ በዚሁ ይሸኛል።

ይህ ጋብቻ የመኝታ ጉዳይ አይደለም፤ የዘር፣ የስምና የከብት ጉዳይ ነው። ልማዱ በኑዌር ብቻም አይወሰንም። በኬንያ ናንዲዎች፣ ኩሪያዎችና ኪኩዩዎች ዘንድም የታወቀ ነው፤ እንዲያውም በ2011 እ.ኤ.አ. በሞምባሳ የተቀመጠው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በናንዲ ልማድ መሠረት አንዲት ሴት ያገባቻት ሴት ሕጋዊ ወራሽ ናት ሲል ፈርዷል።

አሁን ልብ በሉ። በኑዌር መንደር ይህችን ሴት ከእኛ ሠፈር መካከል አምጥታችሁ ብታቆሟት ምን እንላት ነበር? መካን፣ ላጤ፣ ከብት የምታስተዳድር፣ ከወንዶች ጋር ስለ ጥሎሽ የምትከራከር፣ ልጆች አባት የሚሏት ሴት! «ወንዳወንድ» የሚለው ቃል ከደጇ አይጠፋም ነበር። እዚያ ግን ሥርዓቱ መቀመጫ ሰጣት። መቀመጫዋ የታወቀ፣ ስም ያለው፣ በከብት የተመሰከረ በመሆኑ መሳቂያ አልሆነችም። እንግዲህ ጸሐፊዋ ከዚህ ልማድ የምትወስደው ነገር ይህ ነው፦ ቀልድ እንደ ድንጋይ የሚወረወረው ማኅበረሰቡ መቀመጫ ባላዘጋጀለት ሰው ላይ ነው። ዛሬ በኩሌ ያለ ባል፣ ያለ ከብት አምስት ስድስት ልጆች የምታሳድገው እናት የአባወራን ሥራ ሁሉ ትሠራለች፤ የአባወራነት መቀመጫ ግን የላትም። ያ የ16 ዓመት ልጅ የእናቱን ሥራ ሊሠራ ወጣ፤ ለእሱም መቀመጫ አልተገኘለትም። ሣቁ የመጣው በዚያ ባዶ ቦታ በኩል ነው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። አማርኛ ጾታን ሳይጠሩ ሰውን ማነጋገር የማይቻልበት ቋንቋ ነው፤ ወይ «አንተ» ወይ «አንቺ» ነው፤ በአክብሮት «እርስዎ» እስካላሉ ድረስ መካከለኛ መንገድ የለውም። እናቶቻችን ግን በዚህ ሲጫወቱ ሰምታችኋል። ጡት የሚጠባውን ወንድ ልጅ «ነይ የኔ ቆንጆ» ይሉታል፤ ሴቷን «ና አንተ ጎረምሳ» ይሏታል። ፍቅር ነው፤ ማንም አይቆጣም። ልጁ ሲያድግ ግን ያው ቃል ይመርዛል። ጎልማሳውን ወንድ ጓደኞቹ «አንቺ» ካሉት ወይ ይስቃል ወይ ይደባደባል። ሴቲቱን ግን «ወንድ ናት!» ቢሏት ሙገሳ ነው፤ ቆራጥ ናት፣ ታማኝ ናት፣ ቃሏን ጠባቂ ናት ማለት ነው። አንዱ መለዋወጥ ወደ ላይ ያወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይጥላል። ስለዚህ «ሴታሴት» ሲባል የሚሰደበው የተጠራው ወንድ ብቻ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል፤ እዚያው አጠገቡ ቆማ የምትሰማው እኅቱም አብራ ተሰድባለች፤ ስሟ ራሱ ስድብ ሆኗልና። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት በልጅነታችን ስንሰማም እንዲሁ እየሳቅን ነበር።

ከሥራ ክፍፍል የሚያልፍም ነገር አለ፤ ይህን ገጽ የሚያነቡ ወላጆች ያውቁታል። በእያንዳንዱ ሠፈር፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አካሄዱ፣ ድምፁ፣ አለባበሱ ወይም ስለ ራሱ የሚሰማው ነገር ከጾታው እንደሚጠበቀው ሆኖ የማይገኝ ልጅ ይኖራል። ለሥራው ሲሉ አልሳቁበትም፤ ሥራውን ቢተውም ሣቁ አይተወውም። ወላጅ እንዲህ ያለውን ልጅ ስለማስተማር ወይም ስለማረም የየራሱ አስተያየት ሊኖረው ይችላል፤ በዚህ ላይ እዚህ ክርክር አንከፍትም። ነገር ግን በጓደኞቹ ፊት የመንደር መሳቂያ መሆን ማንንም አስተካክሎ አያውቅም። ልጁ ትምህርት ቤቱን ይጠላል፣ ዝም ይላል፣ ወይም ከቤት ይጠፋል። ሲደበድቡትም «የጀመርነው በቀልድ ነው» የሚል መልስ ነው የሚሰማው።

እዚህ ላይ ስለ ቴአትር አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ስለሚቈጠር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ቀሚስ የለበሰው ተዋናይ ንግሥትም እናትም ሆኖ ከልቡ ያለቅስ ነበር። ዛሬ ወንድ ቀሚስ ለብሶ በቴሌቪዥን ብቅ ሲል ተመልካቹ ምንም ሳይናገር ገና በሩቁ ይስቃል። ቀሚሱ ያው ነው። ሙያ በነበረበት ጊዜ መቀመጫ ነበረው፤ ሙያውን ሴቶች ተረክበው የሚገባቸውን ቦታ ሲይዙ፣ እሰየው እንላለን፣ ቀሚሱ ለማሳቂያ ቀረ።

ሣቅ ደግሞ እንደ ውኃ ቁልቁል ነው የሚወርደው። የኩሌው ጎረምሳ ጉዳይ ይዞ ወደ ጋምቤላ ከተማ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ቢመጣ ሌላ ሣቅ ይጠብቀዋል። የግንባሩ መሥመር፣ የቁመቱ ርዝማኔ፣ የቆዳው ጥቁረት መቀለጃ ይሆናል። ጥቁረትን ከባርነት ጋር የሚያያይዘውን ቃል እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባርነት በአዋጅ ከተሻረ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ቃሉ ግን በታክሲ ውስጥ፣ በግቢ በር ላይ፣ አንዳንዴም በክፍል ውስጥ «ቁልምጫ ነው» እየተባለ ሲነገር ይሰማል። ቃሉን የተቀበለው ጎረምሳ ምን ያደርጋል? ከእሱ በታች የሚያገኘውን ይፈልጋል። ወደ ሠፈሩ ሲመለስ ጀሪካን የተሸከመውን ታናሹን ያገኛል።

በኑዌር መካከልም ይህ አልጠፋም። ትምህርት ቤት ገብተው ግንባራቸውን መበጣት የተዉ ወጣቶች «ኮርማ ልጅ» የሚል ትርጉም ባለው ቅጽል ይጠሩ እንደ ነበር አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሻሮን ሃቺንሰን በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፏ ገልጣለች፤ በአካል ኮርማ፣ በማዕርግ ግን ገና ልጅ ማለት ነው። ከተማና ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ ግን ያልተበጣ ግንባር እያደር እንግዳ መሆኑ ቀረ። የተበጣው ደግሞ በከተማ የሚሳቅበት ሆነ። ማን በማን ላይ እንደሚስቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲገለበጥ ይታያል።

ይህን የምናነሣው ተስፋ ስላለው ነው። እኛም ዘንድ ብዙ ቃል ተለውጧል። አያቶቻችን በሥጋ ደዌ የተያዘውን ሰው በምን ስም ይጠሩት እንደ ነበር አስታውሱ፤ ዛሬ ያን ቃል በአደባባይ የሚናገር ሰው ራሱ ያፍራል። «ፈላሻ» ይባሉ የነበሩት ወገኖቻችን «ቤተ እስራኤል» መባልን የሚመርጡት ራሳቸው ስለሆኑ ነው። የብሔረሰቦች የስድብ ስም የነበረው ሁሉ ከትምህርት መጽሐፍና ከካርታ ወጥቶ ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም ተተክቷል። እነዚህ ቃላት ሲለወጡም «ዘመኑ ቆዳው ሳሳ፣ ቀልድ አይቻልም ሆነ» ያሉ አልጠፉም። ቀልድ ግን አልሞተም፤ ያለ እነዚያ ቃላት መሳቅ ችለናል።

ሕጉም ጥቂት ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ለማንኛውም ሰው የሰብዓዊ ክብሩና የመልካም ስሙ መከበርን፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን ከጎጂ ልማድ ተጽዕኖ የመጠበቅን ግዴታ ደንግጓል። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ከዘርና ከሃይማኖት ጋር ጾታንና አካል ጉዳትን ጭምር ጠቅሷል። ነገር ግን አዋጁ ሆን ተብሎ ጥላቻንና ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግርን ነው የሚመለከተው። የውኃ ወረፋ ላይ የሚወረወረውን ቃል ፖሊስ አይዳኘውም፤ ሊዳኘውም አይገባም። እሱ የእናት፣ የመምህርና የእኩያ ፍርድ ቤት ነው።

«ታዲያ እንዳንስቅ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። በመጠለያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሣቅ ከራሽን አያንስም። የአዝማሪ ቤታችንን ተመልከቱ። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ይመጣና እንግዳውን በቁመቱም፣ በገንዘብ ስስቱም፣ በሆዱም ትልቅነት ይሞልጨዋል። እንግዳው አይቀየምም፤ ለምን ቢባል «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሰጥቶ፣ ከፈለገ አዝማሪውን በራሱ አፍ ራሱን ሊያሰድበው ይችላል። ቃሉ ሄዶ ይመለሳል። በምዕራብ አፍሪካም፣ በማሊ «ሳናንኩያ» የሚባል የቀልድ ዝምድና አለ። አንዱ ጎሣ ሌላውን ባገኘው ቁጥር ይሰድበዋል፤ ሆዳም ይለዋል፣ ባሪያዬ ነህ ይለዋል፤ ያኛውም ወዲያው ያንኑ ይመልስለታል። ሁለቱም ስለማይቀየሙ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ሆነው የሚገቡት እነዚሁ ተቀላላጆች ናቸው። በኒጀር ያለው ተመሳሳይ ልማድ በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሠፍሯል።

መለኪያው ከዚህ ይገኛል ብንል ያስኬዳል። የተቀለደበት ሰው መልስ መስጠት ይችላል ወይ? ጎረምሳው በጎረምሳው ላይ ሲቀልድ ይመለስለታል። የ11 ዓመቷ ልጅ ግን ለጎረምሶቹ ምን ትመልሳለች? ስደተኛው ለታክሲ ረዳቱ ምን ይመልሳል? ከሰው የተለየ ድምፅ ያለው ተማሪ ለ60 የክፍል ጓደኞቹ ምን ይመልሳል? ከአንድ ወገን ብቻ የሚሄድና የማይመለስ ቀልድ ካያችሁ እሱን ቀልድ ብላችሁ አትጥሩት።

እናቶች በቤታችሁ የምታደርጉት ነገር ትልቅ አይደለም። ልጃችሁ ወጥ ሲያማስል ጎረቤት መጥታ «ውይ፣ ሴት ሆነልሽ» ብትል ዝም አትበሉ፤ በሣቅም ሆነ በቁም ነገር «ሆዱ የወንድ አይደለም እንዴ፣ ምን ያድርግ» በሏት። ልጁ የሚያዳምጠው የእሷን ቃል ሳይሆን የእናንተን መልስ ነው። አባቶች ደግሞ አንድ ቀን ጀሪካኑን ራሳችሁ አንሡት፤ ሰው ባለበት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፤ ማታ ተደብቆ ቢሆን ግን የነበረውን ነውር ማጽናት ነው። መምህራንም የክፍል ጽዳትንና ውኃ መቅዳትን በስም ዝርዝር ተራ ብታደርጉት፣ ወንድ ሴት ሳትሉ፣ ለዚያ ልጅ መቀመጫ ሰጣችሁት ማለት ነው። ተራው ሆኖ የወጣን ልጅ ማን ይስቅበታል?

ከላይ «እንበል» ብለን ያነሣነው ልጅ ግን ገና ተራ አልወጣለትም። እናቱ ትኩሳቷ አልለቀቃትም። ጀሪካኑ ከጎጆው በር ላይ ተቀምጧል፤ ታናሽ እኅቱ የደብተር ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ጀሪካኑን ታነሣ ወይስ ትተወው እንደሆነ ፊት ፊቱን እያየችው ቆማለች።